ወፎቹ የማንም ባይሆኑም መክሰስ ይችላሉ፤ ቀኑ ካላለፈብዎ

ጥያቄ፦ «በሞጆ ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ አለማለሁ። ከእኛ በላይ ያለ የቆዳ ፋብሪካ ሌሊት ሌሊት ፍሳሹን ይለቃል፤ ሲነጋ ውኃው ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫ ሆኖ፣ እንደ ገማ እንቁላል እየሸተተ ይጠብቀናል። ከጥቅምት ማብቂያ ጀምሮ ዳክዬዎችና እግረ ረጃጅም ነጫጭ ወፎች ዳር ላይ ሞተው እናገኛለን። አንድ ቀን ጠዋት ብቻ 14 ቆጥሬያለሁ። ለቀበሌም ለወረዳም አመልክተናል፤ ‹እየተጣራ ነው› ይሉናል። ከፋብሪካው ጋር አምና አንድ ጊዜ ተነጋግረን ነበር፤ ግን አልተሻሻለም። ‹ወፎቹ የማንም ንብረት አይደሉም፤ ምን አግብቶህ ትከሳለህ› ያለኝ ሰው አለ። እውነት መክሰስ አልችልም?»

መልስ፦ «ምን አግብቶህ» ያለዎ ሰው ጨርሶ አልተሳሳተም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 33(2) በክርክሩ ጉዳይ ላይ መብት ወይም ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ መሆን አይችልም ይላል። የጎረቤትዎን በሬ ሌላ ሰው ቢገድለው ከሳሹ ጎረቤትዎ እንጂ እርስዎ አይደሉም። ሰውየው ያልሰማው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን ነው። የዚህ አዋጅ አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቅዷል። የዳክዬ ባለቤት መሆን አይጠበቅብዎትም። እርሻም ባይኖርዎ፣ ሞጆን የሚያውቋት በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ቢሆን እንኳ ይችላሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን ለሁሉም መብት አድርጎታል። አገራችን የአፍሪካና የዩሮኤዥያ ተሰዳጅ የውኃ ወፎች ስምምነት አባል ናት፤ ያጸደቅነው ስምምነት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት የሕጋችን አካል ነው። ለአቤቱታዎ መግቢያ ይህ ይበቃል። እኔ ያየኋቸው ጉዳዮች የወደቁት እዚህ ላይ አይደለም።

ወደ ደብዳቤዎ ልመለስ። «አምና አንድ ጊዜ ተነጋግረን ነበር» የምትለዋን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ደንበኛ በግማሽ መስመር ዘሎ የሚያልፈው ነገር ብዙውን ጊዜ የጉዳዩ ወገብ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ተነጋግራችሁ ምን ሆነ? ገንዘብ ተቀበላችሁ? ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር? የፈረማችሁበት ወረቀት አለ? «ለተበላሸው ሰብል ይህን ያህል ብር ተቀብለናል፤ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለንም» የሚል ወረቀት ላይ ጣትዎን አሳርፈው ከሆነ፣ ወፎቹን አስቀድመው የጻፉልኝ ለምን እንደሆነ ይገባኛል። አላፍርብዎትም፤ ማሳው የነጠፈበት ሰው የተሰጠውን ቢቀበል አይፈረድበትም። ግን ከጠበቃዎ አይደብቁት። ክርክርን በስምምነት መጨረስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 3307 ጀምሮ የተደነገገ ነው፤ በአንቀጽ 3312 መሠረት እንዲህ ያለው ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ የሌለው ፍርድ ያህል ጉልበት አለው። ለአምናው ቲማቲም ዳግመኛ ካሳ እጠይቃለሁ ቢሉ የፋብሪካው ጠበቃ ያንን ወረቀት አውጥቶ በአንድ ቀን ቀጠሮ ይዘጋዎታል።

ይህ ማለት ግን አፍዎ ተለጉሟል ማለት አይደለም። እርስዎ የተስማሙት ስለ ራስዎ ኪስ ነው። ወንዙን ወክለው መስማማት አይችሉም፤ ማንም ሥልጣኑን አልሰጠዎትም። በአዋጅ 300 የሚቀርበው አቤቱታና በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 519 የሚመጣው የብክለት ክስ በዚያ ወረቀት አይታሰሩም። ዘንድሮ የደረሰ አዲስ ጉዳትም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወረቀቱ «ወደፊት ለሚደርሰውም» የሚል ሐረግ ካለበት ግን ቃል በቃል መነበብ አለበት። ስለዚህ ሌላ ነገር ሳይጀምሩ ያንን ወረቀት ያግኙት።

ሌላም ያልነገሩኝ አለ። ቲማቲሙን የሚያጠጡት ከየት ነው? ወንዝ ዳር ነኝ፣ በመስኖ ነው ብለዋል፤ ስለዚህ ሞተሩ የሚስበው ያንኑ ውኃ ነው። ፍርድ ቤት ገብተው «ውኃው መርዝ ነው፤ ወፍ ገድሏል» ሲሉ፣ በመስቀለኛ ጥያቄ የሚቀርብልዎ የመጀመሪያው ነገር «በዚያ ውኃ ያበቀሉትን ቲማቲም ለማን ሸጡት?» የሚለው ነው። መልስ ይዘው ይግቡ። ከፍሳሹ በኋላ ማጠጣት አቁመው ከሆነ ቀኑን ይጻፉ። ካላቆሙ ደግሞ ከሕጉ በፊት ለገዢው ጤና ሲባል ግብርና ቢሮውን ዛሬውኑ ያማክሩ። ቀጥሎ የሚጠየቁት ስለሚረጩት መድኃኒት ነው። ማላታይንም ሆነ ዲያዚኖን ወፍ ይገድላል። በወንዙ ግራና ቀኝ ያለው አትክልት አምራች ሁሉ ስለሚረጭ፣ ፋብሪካው «ወፎቹን የገደላቸው የከሳሹ የራሱ ኬሚካል ነው» ማለቱ አይቀርም። ምን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንደረጩ የሚያሳይ ደረሰኝም ሆነ ማስታወሻ ካለዎ አይጣሉት፤ የሚጎዳዎ ቢመስልም አይጣሉት።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን።

«ለቀበሌም ለወረዳም አመልክተናል፤ እየተጣራ ነው ይሉናል።» ይህችን ቃል ከየወንዙ ዳር እሰማታለሁ፤ አቃቂም ሞጆም ያው ናት። ብዙ ጥሩ ጉዳይ የሞተው በፋብሪካው ጠበቃ ብልጠት ሳይሆን በዚህች «እየተጣራ ነው» ነው።

የአዋጅ 300 አንቀጽ 11 ንኡስ አንቀጽ 2 አሠራር እንዲህ ነው። አቤቱታዎን በመጀመሪያ የሚያቀርቡት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ነው። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም በሰጠው ውሳኔ ካልረኩ፣ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። የሚሄዱት ግን ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30ው ቀን ካለፈበት ዕለት ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ነው። የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ ስሌቱን ያቀለዋል። አቤቱታው ኅዳር 5 ገቢ ከሆነ፣ ታኅሣሥ 5 የመሥሪያ ቤቱ ጊዜ ያበቃል። ምንም መልስ ካልመጣ የካቲት 5 የእርስዎም ጊዜ ያበቃል። በግንቦት «ትዕግሥታችን አለቀ» ብለው ቢመጡ ጠበቃዎ የሚያደርግልዎ ብዙ ነገር የለም። ጳጉሜን በመሀል ከገባችም ቀኖቿ ይቆጠራሉ፤ እንዳይዘነጓት።

ሰው የማይገባው ነገር ሕጉ ዝምታን እንደ መልስ መቁጠሩ ነው። ባላገሩም ከተሜውም፣ መሥሪያ ቤት «ቆይ» ካለው መቆየት ጨዋነት ይመስለዋል። ኃላፊው በጥሩ ፊት ይቀበልዎታል፤ ሻይ ሊያዝልዎም ይችላል። «ኮሚቴ ተዋቅሯል» ይላል። በሚቀጥለው ወር «ናሙና ተወስዶ ውጤት እየጠበቅን ነው» ይላል። ሰውየው እየዋሸዎት ላይሆን ይችላል፤ ላብራቶሪው እውነትም ዘግይቶበት ይሆናል። የእርሱ እውነተኛነት ግን የእርስዎን 60 ቀን አያስቆመውም።

አንድ ደንበኛ ነበረኝ። ጎበዝ፣ ሥርዓት ያለው ሰው ነው፤ ወረቀቱን በሙሉ በክላሰር አሰናድቶ መጣ። የመጀመሪያው አቤቱታ ማኅተም አለው፣ ቀን አለው፣ የገቢ ቁጥር አለው። ከሥሩ ሰባት የማስታወሻ ደብዳቤዎች ተደርድረዋል፤ «በቁጥር እንዲህ፣ በቀን እንዲህ ያቀረብነውን አቤቱታ ማስታወሳችን ነው» የሚሉ፣ ሁሉም ማኅተም የተመታባቸው። «አንድም ቀን አልተኛሁም» አለኝ። እውነቱን ነው። እያንዳንዱ ማስታወሻ ግን የመጀመሪያው አቤቱታ መቼ እንደገባ በራሱ እጅ የጻፈው ምስክርነት ነበር። የተከሳሹ ጠበቃ ምንም ማስረጃ ማምጣት አላስፈለገውም፤ የእኛኑ ክላሰር ገለጠ፣ ቀኑን አነበበ፣ ተቀመጠ። እንደ እኔ አነባበብ የማስታወሻ ደብዳቤ ጊዜውን አያቋርጠውም፤ አዲስ ጊዜም አይወልድም። ይጻፉ፤ መጻፍዎ ጥሩ ነው። ቀኑን ግን በግድግዳ ካሌንደርዎ ላይ በቀይ ያክብቡት።

ሌላው መልኩ ደግሞ ደስ የሚያሰኝ መልስ ነው። መሥሪያ ቤቱ «ለፋብሪካው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተናል» ብሎ ይጽፍልዎታል። ሰው ደስ ብሎት ወረቀቱን አጣጥፎ ያስቀምጣል። ያ ወረቀት ውሳኔ ነው፤ 60ው ቀን ከዚያ ወረቀት ቀን ጀምሮ እየቆጠረ ነው። ማስጠንቀቂያው ቱቦውን ካልዘጋው፣ በተቀበሉ በሳምንቱ ጠበቃ ያነጋግሩ።

የእርስዎ ጉዳይ ግን ሌላም ጣጣ አለው፤ ምናልባትም የሚያድንዎ ይኸው ጣጣ ነው። አዋጁ የሚያውቀው አቤቱታ ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለሚመለከተው የክልል የአካባቢ መሥሪያ ቤት የቀረበውን ነው። ቀበሌ አይደለም። ፖሊስም አይደለም። ሞጆ ኦሮሚያ ስለሆነች የክልሉ አካባቢ ጥበቃ ተቋም ነው የሚመለከተዎ። «ለወረዳ አመልክተናል» ሲሉ ለየትኛው ጽሕፈት ቤት ነው? ለአስተዳዳሪው ከሆነ፣ ወይም በቃል ብቻ ከሆነ፣ በሕግ ዓይን ገና ምንም አላመለከቱም፤ ስለዚህ ምንም አላለፈብዎትም ብዬ ለመከራከር እችላለሁ። በጽሑፍ ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ገብቶ ማኅተም ከተመታበት ግን ሰዓቱ ከዚያ ዕለት ጀምሮ እየሄደ ነው ብለው ያስቡ፤ ለጥንቃቄ ሲባል ሁልጊዜም በጣም የሚያስጨንቀውን ቀን ይያዙ። አዲሱን አቤቱታ ለክልሉ አድርገው፣ ግልባጭ ለዞንና ለወረዳ ይላኩ። በሁለት ኮፒ ይሂዱና አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመትተው ይዘው ይመለሱ። ማኅተሙ የደበዘዘ ከሆነ ደግመው ያስመቱ። በአፋን ኦሮሞ የተዘጋጀ ይሁን፤ ነገ የክልሉ ፍርድ ቤት ሲደርሱ ትርጉም ፍለጋ አይሮጡም።

ቀኑ አልፎ ቢገኝስ? ብክለቱ ትናንት ሌሊትም ተለቅቋል፤ ነገም ይለቀቃል። በአዲስ ቀን የተፈጸመን አዲስ ፍሳሽ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ለይቶ፣ በአዲስ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል የሚል እምነት አለኝ። ሁሉም ችሎት እንዲህ ያየዋል ብዬ ግን አልፈርምልዎትም። «እንደምታውቁት ለዓመታት...» ብለው ከጀመሩ የድሮውን ጉዳይ ደገሙት፤ «በዚህ ቀን ከሌሊቱ በዚህ ሰዓት» ብለው ይጀምሩ።

ማንን እንደሚከሱም ይጠንቀቁ። በ1990ዎቹ ማብቂያ አፓፕ የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች ብክለት የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሶ ነበር፤ ጉዳዩ ፍሬ ነገሩ ሳይሰማ በመቃወሚያ ተዘጋ። ከዚያ የምንወስደው ትምህርት ክሱ በካዩ ላይ ይሁን የሚል ነው። በካዩ ደግሞ በበሩ ላይ የተጻፈው ስም ላይሆን ይችላል፤ የንግድ ምዝገባውን ያስወጡ። ከቱቦው በላይ ሌሎች ፋብሪካዎች ካሉ አሁኑኑ ይለዩአቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2142 ጉዳቱን ያደረሰው ከብዙዎቹ የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ በጋራ እንዲክሱ ዳኛው ማዘዝ ይችላል ይላል፤ ግን አድራሹ በእርግጥ ከመካከላቸው መሆኑ መረጋገጥ አለበት። አንዱን ረስተው ከተዉት ያ የተረሳው ለሌሎቹ ማምለጫ ይሆናቸዋል።

ለራስዎ ሰብልና ከብት የሚጠይቁት ካሳ ሌላ መንገድ ነው። ከውል ውጭ ኃላፊነት ይባላል፤ አንቀጽ 2069 መርዛማ ነገር የሚጠቀም ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል ስለሚል ይረዳዎታል፤ ይርጋው፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ ገደብ፣ በአንቀጽ 2143 ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ነው። ከአዋጁ 30 እና 60 ቀናት ጋር አያቀላቅሉት። ለወፎቹ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቁ። አንድ ሰው የአንዱን ዳክዬ ዋጋ በገበያ ዶሮ ተምኖ፣ በቁጥር አባዝቶ አምጥቶልኝ ያውቃል። በአዋጁ የሚጠየቀው ፍሳሹ እንዲቆም፣ በካዩ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል፣ አካባቢው ወደ ነበረበት እንዲመለስ ነው። እስከ ፍርዱ ድረስ ጊዜያዊ እግድ እንዲሰጥ ጠበቃዎ በክሱ ላይ ይጨምርልዎ።

ስለ ማስረጃ፦ በሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ ቀድተው አይምጡ። ማን ቀዳው፣ ከየት፣ ጠርሙሱ ቀድሞ ምን ነበረበት የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ይደፉታል። ናሙና የመውሰድ ሥልጣን የአካባቢ ተቆጣጣሪው ነው፤ አስቀድሞ ሳያስታውቅ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝም ሳያስፈልገው፣ ተገቢ ነው ባለው ጊዜ ግቢ መግባት ይችላል። በአቤቱታዎ ላይ ናሙናው ከቱቦው በላይ፣ ከቱቦው አፍና ከቱቦው በታች እንዲወሰድ፣ ያውም እርስዎ ባዩበት ሰዓት በሌሊት እንዲወሰድ በጽሑፍ ይጠይቁ። ቀን በጠራራ ፀሐይ የተወሰደ ናሙና ንጹሕ ቢሆን ምን ይደንቃል? ፋብሪካዎች ስለሚያወጡት ብክለት መዝገብ እንዲይዙ የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159 ያስገድዳል፤ መዝገቡ እንዲቀርብ ጠበቃዎ ችሎቱን ይጠይቅ።

የሞተውን ወፍ በባዶ እጅ አይንኩ፤ የወፍ ጉንፋን ሊሆን ይችላል። ሁለት ዳክዬ በፌስታል ጠቅልሎ በሚኒባስ ቢሮዬ ድረስ ያመጣ ደንበኛ ነበረኝ። ጸሐፊዬ መስኮቱን ሁሉ ከፈተች። ላብራቶሪው የመለሰልን አንድ መስመር ነበር፤ «ናሙናው በመበስበሱ ምርመራ ማድረግ አልተቻለም»። ባዩበት ሰዓት ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውለው እርሱ ያንሳው፤ ቀዝቅዞ፣ ሳይውል ሳያድር ይላክ። ሳይሞት ያገኙትን ወፍ ሁኔታም ልብ ብለው ይመዝግቡ። እግሩ ሽባ ሆኖ፣ አንገቱን መሸከም አቅቶት ውኃው ላይ የተደፋ ከሆነ ቦቱሊዝም የሚባለው መመረዝ ይጠረጠራል። ይህን የሚያመጣው ባክቴሪያ ኦክስጅን ባጣ፣ ሞቃትና የበሰበሰ ነገር በበዛበት ጭቃ ይራባል። ፋብሪካው «በሽታ ነው እንጂ እኛ አይደለንም» ይላል። እናንተ ደግሞ ጠጉር፣ ስብና ሥጋ የተሸከመው የቆዳ ፍሳሽ የወንዙን ኦክስጅን ጨርሶ ያን ጭቃ ፈጠረ ትላላችሁ። ለዚህ የውኃ ባለሙያ ምስክር ያስፈልጋል፤ ከእኔ ደብዳቤ አይወጣም።

የወቅቱም ነገር ያግዝዎታል። ክረምቱ ሲያልፍ ወንዙ ይቀንሳል፤ ፍሳሹ ግን አይቀንስም። በዚያው ሰሞን ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ዳክዬዎች ይደርሳሉ። ሞጆ የሚገባበት ቆቃ ሐይቅ ደግሞ ለወፎች ጠቃሚ ተብለው በዓለም አቀፍ ደረጃ ከተመዘገቡት ቦታዎቻችን አንዱ ነው፤ በጥር አካባቢ የሚደረገው የውኃ ወፎች ቆጠራ መረጃ ካለ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን በደብዳቤ ይጠይቁ። ሬሳ የማይተው ጉዳትም አለ፤ ዓሣውና ትሉ ሲያልቅ ወፉ ቦታውን ትቶ ይሄዳል። አዋጁ «ሊደርስ የሚችል» ጉዳትንም ስለሚያካትት የቁጥር መቀነስ ራሱ ማስረጃ ነው።

ፎቶ በስልክ ሲያነሱ ዋናውን ፋይል ከስልክዎ አያጥፉ፤ በቴሌግራም የተላከ ፎቶ የተነሳበት ቀንና ቦታ መረጃው ይጠፋል። ያን ቀን 14ቱን ሲቆጥሩ አብሮዎት ማን ነበር? ስሙን ዛሬ ይጻፉ፤ ቢቻል ያየውን በፊርማው ያስፍር። የመንደሩ ልጆች ግማሹ በዚያው ፋብሪካ የሚሠሩ ከሆነ፣ መጥሪያ ሲደርሰው «እኔ አላየሁም» የሚለው ሰው ይበዛል።

ጠበቃ የመያዝ አቅም ከሌለዎ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ይህ ጽሑፍ የእርስዎን ወረቀት ላየ ጠበቃ ምትክ አይሆንም፤ ሕግም ይሻሻላል፤ ከመክሰስዎ በፊት የወቅቱ ነጋሪት ጋዜጣ ይታይልዎ። በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ያድርጉ። ወረዳ ሄደው ያመለከታችሁት በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቢሮ፣ በጽሑፍ ይሁን በቃል ከመዝገብ ክፍል ያረጋግጡ። ከዚያ የአምናውን ወረቀት፣ ያ «ተነጋግረን ነበር» ያሉትን፣ ፊትና ጀርባውን ኮፒ አድርገው ለጠበቃ ያሳዩ። የሽማግሌዎቹ ስምና የተቀበላችሁት ብር ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ጀርባው ላይ ነው።